አባቴን ከድሬዳዋ ወደ ዘጌ ለመመለስ የቀረበ የእርዳታ ጥያቄ

ይህን የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር ነው። ዕድሜያቸውን በድሬዳዋ የባቡር ጥገና ላይ ያሳለፉት አባቴ፣ እናታችን ካረፉ ወዲህ ወደ ትውልድ ቦታቸው ወደ ዘጌ ተመልሰው በጣና ዳር፣ በቡናው ጥላ ሥር ለመኖር ስለ ወሰኑ፣ ዕቃቸውን ጠቅልለው እኔን እየጠበቁ ነው። ሐኪም አውሮፕላን ከልክሏቸዋል፤ እርሳቸውም ቢሆኑ ወደ አገራቸው መግባት የሚፈልጉት በባቡር ነው። የሚያውቁት የአንድ ሜትር ስፋት ያለውን አሮጌውን ሐዲድ ሲሆን፣ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው በአዲሱ መስመር አንድም ቀን አልተጓዙም፤ ይህን ምኞታቸውን ልነፍጋቸው አልፈልግም።

የተቸገርኩት በባቡሩ አልጋ ነው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከታችኛው አልጋ በቀር ወደ ላይ መውጣት አይችሉም፤ እኔም ከዚህ ሆኜ የታችኛውን ለማስያዝ ሁለት ጊዜ ሞክሬ አልተሳካልኝም። በቅርቡ በመኝታ ፉርጎ የተጓዛችሁ፣ አልጋውን እንዴት እንዳስያዛችሁ፣ የመሣሪያ ሣጥናቸውን አብሮ መጫን ይቻል እንደሆነና ባቡሩ አዲስ አበባ፣ ለቡ ጣቢያ ስንት ሰዓት እንደሚደርስ እባካችሁ ንገሩኝ። የመድረሻው ሰዓት በጣም ያሳስበኛል፤ ከመሸ ከደረሱ አዲስ አበባ አድረን፣ የዓባይን በረሃ በማግሥቱ በቀን ብርሃን በመኪና መሻገር ይኖርብናል።