የክሮስማን 1400 መቀርቀሪያ ጎማ ልኩ ስንት ነው?

ባለ ፓምፑ የአየር ጠመንጃ ነው፣ 5.5 ሚሊ። ሲተኮስ አየሩ በጥይት መክተቻው በኩል ፊት ላይ ይተፋል። ቫልቩ ደህና ነው፤ 3 ጊዜ ተፓምፖ አድሮ ጠዋት ሙሉ ድምፅ ይሰጣል። ስለዚህ የምጠረጥረው መቀርቀሪያው ጫፍ ላይ ያለውን የጎማ ቀለበት ነው።

1.78 ሚሊ ውፍረት ያለው ሲገባ መቀርቀሪያው አልዘጋ ይላል፤ በግድ ሲገፋ ደግሞ የመክተቻው ስለታም ጠርዝ ይላጨዋል፣ ሲሊኮን ተቀብቶም ቢሆን። 1.5ቱ ይዘጋል፣ ግን ከ6 ፓምፕ በላይ ያፈሳል። ጠርዙን በ600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ባለሰልሰው ይበቃል ወይስ 1.6 ልፈልግ?

የመቀርቀሪያው እጀታ ብሎንም ጭንቅላቷ ተበልቷል። ዘይትም፣ የካውያ ሙቀትም አላላቀቃትም። አየሩ ወጥቷል፣ ጥይትም የለበትም። ወደ ግራ በሚዞር መሰርሰሪያ ያወጣ ካለ፣ በስንት ሚሊ ጀመራችሁ? የመቀርቀሪያው ጥርስ እንዳይበላሽ ነው ፍርሃቴ።