ልቅ ኳስን ወደ ራስ ኤንድ ዞን በእግር መምታት፦ ቅጣቱ ከየት ይቆጠራል?

የአሜሪካ ፉትቦል ዳኝነት የምታውቁ፣ እባካችሁ እርዱኝ። ጥያቄው በኮሌጅ ሕግ ነው።

ኳስ ይዞ የሚሮጠው አጥቂ ከተከላካዮቹ ጎል መስመር 5 ያርድ ላይ ኳሷ ታመልጠውና ልቅ (በማንም እጅ ያልሆነች) ትሆናለች። 3 ያርድ ላይ መሬት ለመሬት ስትንከባለል አንድ ተከላካይ ሆን ብሎ ወደ ራሱ ኤንድ ዞን (ከጎል መስመሩ ጀርባ ያለው ክልል) ይመታትና ከክልሉ ጀርባ ባለው መስመር ትወጣለች።

በእጁ ከሆነ ግልጽ ነው። ሜዳው ውስጥ የተከለከለው ወደ ተጋጣሚ ጎል መስመር መምታት ስለሆነ ጥፋት የለም። ግን መሬት የነካች ኳስ ስለመታ አዲሱ ግፊት (ኳሷን ወደ ኤንድ ዞን ያስገባት ኃይል) የእሱ ነው፤ ሴፍቲ (ቡድን ኳሷን በራሱ ኤንድ ዞን በኩል ሲያስወጣ ለተጋጣሚው የሚሰጥ ነጥብ)፣ ለአጥቂዎቹ 2 ነጥብ። (ኤንድ ዞን ውስጥ ቢሆን በየትኛውም አቅጣጫ ጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በፕሮፌሽናሉ ሊግ (NFL) በሲያትልና በዲትሮይት ጨዋታ እንዲህ ያለው ምት ሳይቀጣ አልፎ፣ ሊጉ ቆይቶ ስህተት መሆኑን አምኗል።)

የቸገረኝ በእግር ሲሆን ነው። ልቅ ኳስን ሆን ብሎ በእግር መምታት ወዴትም ቢሆን 10 ያርድ ያስቀጣል። ቅጣቱ የሚቆጠረው ኳሷ ካመለጠችበት 5 ያርድ ነው ወይስ ከተመታችበት 3 ያርድ? በሁለቱም እስከ ጎል መስመሩ ያለው ርቀት ግማሽ ብቻ ስለሚሆን ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ቦታውን በትክክል ማወቅ እፈልጋለሁ። አጥቂዎቹስ ቅጣቱን ትተው ሴፍቲውን መውሰድ ይችላሉ? እንደሚችሉ አምናለሁ፤ አረጋግጡልኝ።

ደግሞ ኳሷን ሊያነሳ ሲያጎነብስ እግሩ በአጋጣሚ ቢነካት ጥፋት አይደለም። ሆን ብሎ መሆኑን ለመለየት መጀመሪያ የምታዩት ምኑን ነው፣ የእግሩን ውርወራ ወይስ የእጆቹን አቅጣጫ?