መዝሙሩን ያንጎራጉራሉ፣ ቃሉን ግን አያውቁትም፤ ልጆችን ስፓኒሽ ያስተማራችሁ እስቲ እርዱኝ

ጠያቂ (የሁለት ልጆች እናት)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጆቼ 4 እና 6 ዓመታቸው ነው። እኔ ስፓኒሽ የማውቀው ትንሽ ነው። የልጆች መዝሙር ስከፍትላቸው ሶስት ሳምንት ሆነኝ። ትልቋ ዜማውን ትይዛለች፣ ትርጉሙን ስጠይቃት ግን ዝም። ትንሹማ ጭራሽ አፉን አይከፍትም። የእጅ አሻንጉሊትም ገዝቼ ነበር፣ ምን እንደማደርግበት ግራ ገባኝ።

የሕፃናት አስተማሪ፦ እህቴ፣ የትንሹ ዝምታ አያሳስብሽ። ብዙ ልጆች አዲስ ቋንቋ መጀመሪያ ያዳምጣሉ፣ ለመናገር ጊዜ ይወስዳሉ። "ምን ማለት ነው?" የሚለውን ፈተና ተዪው። አራት ቃል ብቻ ያዢ፤ ካቤሳ (ራስ)፣ ማኖ (እጅ)፣ ቦካ (አፍ)፣ ናሪስ (አፍንጫ)። ልጆቹ በሚያውቁት ዜማ ቀስ ብለሽ ዝፈኚ፣ እየነካሽ። ከዚያ ቃሉ ጋ ስትደርሺ ቁሚ። ትንሹ አፍንጫውን ከነካ መለሰ ማለት ነው። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ሳይሰለቻቸው አቁሚ።

የካልሲ አባት፦ ዋናው ዘዴ አሻንጉሊቷ አማርኛ አለመቻሏ ነው! የኛ አሮጌ ካልሲ ናት፣ ሁለት ቁልፍ ዓይን ሰፋሁላት። ልጄ "ውሃ ልስጥሽ?" ስትላት ካልሲዋ አንገቷን ጠመም አድርጋ "ኬ?" (ምን?) ትላለች። ልጄ ትንሽ አሰብ አደረገችና "አጓ!" ካልሲዋም ባዶውን ኩባያ ግጥም። አንድ ቀን ረስቼ በካልሲዋ አፍ አማርኛ አወራሁ። ልጄ "አንቺ፣ ትችያለሽ እንዴ!" ብላ ከእጄ ላይ አወለቀቻት። እሷን መልሶ ማሳመን ሳምንት ፈጀብኝ። ስለዚህ ማስረዳት ካለብሽ ካልሲዋ በጆሮሽ ታንሾካሹክልሽ፣ አንቺ በአማርኛ ንገሪያቸው።

ስፓኒሽ አስተማሪ፦ በሚያውቁት ዜማ በሚለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ናሪስ የሚጠብቀው... ይቅርታ፣ ጫና የሚያርፍበት "ሪስ" ላይ ነው፣ ካቤሳ ደግሞ "ቤ" ላይ። ዜማው "ና"ን ካጎላው ልጁ ስህተቱን ሊለምደው ይችላል፣ ስለዚህ ለቃሉ የሚመች ዜማ ምረጪ። ሌላው፣ ቃሉን ብቻውን አታስተምሪ፤ ላ ካቤሳ፣ ላ ማኖ፣ ላ ቦካ፣ ላ ናሪስ በይ። አራቱም በሴት ጾታ ናቸው። ማኖ በ"ኦ" ስለሚያልቅ ወንድ ይመስላል፣ ትልቅ ሰው ሁሌ የሚሳሳተው እዚያ ነው። ደስ የሚለው ደግሞ "ኝ" በአማርኛ አለን፤ "ኒኞ" (ልጅ) ለማለት ልጆቻችን አይቸገሩም። ር ሲላላና ሲጠብቅም ትርጉም ይለያል፤ ላልቶ "ፔሮ" ግን ማለት ነው፣ ጠብቆና ተንቀጥቅጦ ግን ውሻ።

ጠያቂ፦ ተባረኩ! ዛሬ ካልሲዋን ሞከርኩ። ትንሹ ምንም አላለም፣ ግን "ላ ቦካ" ስትል እጁን አፏ ውስጥ ከተተ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ ማቆም ስፈልግ "ደከመኝ" እንዴት ትበል?

የካልሲ አባት፦ "ኤስቶይ ካንሳዳ" ትበልና ጭልጥ ብላ ትተኛ። የኛ ታንኮራፋለች።