«መዝሙር እንጂ ሃይማኖት አያውቁም» ለተባሉት ልጆች

የልጆች እናት፦ ትናንት እዚህ አሜሪካ በቤተ ክርስቲያናችን የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ ሰባኪ «የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች መዝሙር እንጂ ሃይማኖት አያውቁም» አለ። ሰዉም አጨበጨበለት። በጣም ነው የተናደድኩት። ልጄ ያደገችው እዚያ ነው።

ዘሜሪላንድ፦ ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነኝ። ልጄ መዝሙሩን በቃሉ ይወርደዋል። ስለ ምሥጢረ ሥጋዌ፣ አምላክ ሰው ስለመሆኑ፣ ስትጠይቂው ግን ዝም ነው። አምስቱን አዕማደ ምሥጢር፣ የሃይማኖታችንን መሠረታዊ ትምህርቶች፣ ሳይዝ ኮሌጅ ቢገባ፣ ጓደኞቹ ሲጠይቁት ምን ይመልሳል?

የቆሎ ተማሪ፦ «በቃሉ ይወርደዋል» ማለት ነውር ሆነ? እኛ ፊደል ቆጥረን፣ መልእክተ ዮሐንስ አንብበን፣ ዳዊት ደግመን ነው ያደግነው። ትርጓሜው የመጣው ኋላ ነው። ቅዱስ ያሬድም ያስተማረን በዜማ ነው።

ዘሜሪላንድ፦ ወንድሜ፣ አንተ ዳዊት ስትደግም ሰፈሩ ሁሉ ይጾም ነበር። ጎረቤትም ያስተምርሃል። የእኔ ልጅ ያለው በሳምንት ሁለት ሰዓት ነው። ግማሹ የበዓል መዝሙር ልምምድ ነው።

የሰንበት አስተማሪ፦ በነጻ ከሚያስተምሩት አንዷ ነኝ። የ6 እና የ13 ዓመት ልጆች አንድ ክፍል ይሰጡኛል። ግማሾቹ አማርኛ አይሰሙም። ለሆሣዕና መዝሙር ባይቀርብ የሚቆጣው ወላጅ ነው። ምሥጢረ ሥላሴ ሳስተምር ግን መጥቶ የጠየቀኝ ወላጅ የለም።

ዘሜሪላንድ፦ ካልሰሙ በእንግሊዝኛ አስተምሪያቸው።

የቆሎ ተማሪ፦ ይኸው መጣ! ነገ ቅዳሴውም በእንግሊዝኛ ይሁን ልትል ነው።

ዘሜሪላንድ፦ እ.ኤ.አ. በ1970 ቤተ ክርስቲያናችን ጃማይካ ስትተከል ሕዝቡ ግእዝ ያውቅ ነበር? እዚያ የተከሉት አቡነ ይስሐቅ በምን ቋንቋ አስተማሩት?

የቆሎ ተማሪ፦ እነሱ አማርኛ ተናጋሪ ወላጅ አልነበራቸውም። የአንተ ልጅ አለው። ቤት ውስጥ በምንድን ነው የምታናግረው?

ዘሜሪላንድ፦ ቤቴን ተወው።

የልጆች እናት፦ ጃማይካን ምን አመጣው? የእኔ ጥያቄ «ሃይማኖት አያውቁም» የሚለው ነው። ባለፈው ዓርብ ልጄ ትምህርት ቤት የቺዝ ፒዛ ሰጥተዋት አልበላችም። ማንም አጠገቧ አልነበረም። ይሄስ ምንድን ነው?

ዘሜሪላንድ፦ ጎሽ ነው። ግን ለምን እንደምትጾም ጠይቂያት።

የልጆች እናት፦ ጠይቄያታለሁ። «ጌታ የተሰቀለበት ቀን ነው» አለችኝ። ከመዝሙር የያዘችው ነው። አዕማደ ምሥጢር ስላልዘረዘረች ሃይማኖት የላትም በለኛ!

ዘሜሪላንድ፦ የላትም አላልኩም፣ እህቴ። አይበቃም ነው ያልኩት።

የቆሎ ተማሪ፦ ሰባኪው ግን «አያውቁም» ነው ያለው። አንተም ያጨበጨብከው ለዚያ ነው።