«ለንጹሕ ሰው መሐላ ቃል ብቻ ነው» ላሉን

የጅሬን ልጅ፦ ትናንት እዚህ ጅማ የሰፈር ስብሰባ ላይ አንድ አባት «ሹመኛ ሁሉ ሥራ ሳይጀምር በሃይማኖቱ መጽሐፍ ይማል፤ ያኔ ሌብነት ይቀንሳል» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ተናደድኩ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 ላይ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል እኮ!

የሂርማታው፦ ተናጋሪው እኔ ነኝ። ፍርድ ቤት ምስክር ይምል የለ? ለንጹሕ ሰው መሐላ ቃል ብቻ ነው።

የኮቺዋ፦ ጋሼ፣ «ቃል ብቻ» ከሆነ ሌባውን በምን ያስፈራዋል? አባቴ በቡና መሬት ክርክር ሲመሰክር ቁርኣኑ ላይ እጁን ሲጭን አይቻለሁ። ጣቶቹ ይንቀጠቀጡ ነበር። ያየውን እውነት ሊናገር ነው የማለው፤ ሥራ ለማግኘት አይደለም።

የሂርማታው፦ ለንጹሕ ሰው ነው ያልኩት፣ ልጄ። ቃሌን አትቁረጪ።

የጅሬን ልጅ፦ በኦሮሞ ባህላዊ እምነት የሚያምነው ዋቄፈታው ጎረቤታችንስ ንጹሕ አይደለም? በየትኛው መጽሐፍ ይማል? መጽሐፍ የለውም።

የሂርማታው፦ እሱ በራሱ ወግ ይማል። ድሮ ንጉሡም ይምሉ ነበር፤ አገር ጸንቶ ኖረ።

የኮቺዋ፦ ለማን ጸና? በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ንጉሡ የኦርቶዶክስ እምነትን ሊጠብቁ ይምሉ ነበር። የእኛ ዒድ የሕዝብ በዓል የሆነው እሳቸው ከወረዱ በኋላ ነው።

አጂፕ ሰፈር፦ ሁሌ ቤተ ክርስቲያንን መውቀስ ይብቃ። ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን ያሰረውና የገደለው የደርግ መንግሥት ነው። እሱንም አንሱ።

የጅሬን ልጅ፦ አነሳለሁ፣ ወንድሜ። ያሳዝነኛልም። መንግሥት በሃይማኖት እጁን ሲያስገባ ፓትርያርኩንም አይምርም። እኔም የምለው ይሄንን ነው።

አጂፕ ሰፈር፦ እሱ ሌላ ነገር ነው።

የጅሬን ልጅ፦ አይደለም። በ1909 መኳንንቱ ልጅ ኢያሱን ሲያወርዱ፣ የገቡላቸውን መሐላ የፈቱት ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ናቸው። መሐላ የሥልጣን ዕቃ ከሆነ እንዳስፈለገ ይታሰራል፣ ይፈታል። ጋሼ፣ እርስዎ የሚያከብሩትን መሐላ እኮ ነው የሚያረክሱት።

የሂርማታው፦ አረከስክ አትበለኝ! አርባ ዓመት የጾምኩ ሰው ነኝ።

የኮቺዋ፦ ጾምዎን ማንም አልነካም፣ ጋሼ። «ቃል ብቻ» ያሉትን ግን ያንሱልን።

የሂርማታው፦ አላነሳም። ቅዳሜም ስብሰባው ላይ እደግመዋለሁ።

የኮቺዋ፦ እንግዲያው ቅዳሜ አባቴን ይዤ እመጣለሁ። ያን ቀን እጁ ለምን እንደተንቀጠቀጠ እሱው ይንገርዎት።