የወባ ምርመራው መስመር ወርቅ ከሆነ ለምን ቀይ ሆነ?

የቆላዋ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ክረምት ወጥቶ ወባ ሲበረታ በቀን ስንት ሰው ጣት እወጋለሁ። ደሙን ጠብ አድርጌ መስመሯ እስክትወጣ እጠብቃለሁ። ሥልጠና ላይ «ቀይዋ መስመር የወርቅ ብናኝ ናት» ተባልን። ጆሮዬ ላይ ያለው ወርቅ ግን ቢጫ ነው። ማቅለሚያ ተጨምሮበት ነው? ደግሞ በዚሁ ብናኝ ብርሃን መቆጣጠሪያ ይሠራል የሚል አንብቤ ግራ ገባኝ።

ባለብልቃጡ
ማቅለሚያ የለበትም እህቴ፣ ቀለሙ የራሱ የወርቁ ነው። እኔ ይህን በእጄ ነው የምሠራው። ፈዛዛ ቢጫ የሆነ የወርቅ ጨው ውሃ ውስጥ አፈላለሁ። ሲትሬት (የሎሚ አሲድ ጨው) ስጨምርበት መጀመሪያ ቀለሙ ይጠፋል፣ ከዚያ ይጠቁራል፣ በደቂቃዎች ውስጥ እንደ ወይን ጠጅ ይቀላል። ስንት ጊዜ ባየውም አይሰለቸኝም።

ቅንጣቱ ከ20 እስከ 40 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) ሲያክል፣ ብርሃን ሲነካው ውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች አብረው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅ ከፍ የሚለው በልኩ ሲገፉት ነው አይደል? የዚህ ወርቅ ልክ የሞገድ ርዝመቱ 520 ናኖሜትር አካባቢ የሆነው አረንጓዴ ብርሃን ነው። እሱን ይውጠዋል፣ ቀዩ ይተርፋል። እዚያው ብልቃጥ ውስጥ ቁንጥር ጨው ብጨምር ቅንጣቶቹ ይጠጋጋሉ፤ ቀዩም ወደ ሰማያዊ ይዞራል። ወርቁ ያው ነው፣ የተለወጠው ርቀታቸው ነው። ብርሃን መቆጣጠር የሚሉት ይህንኑ ነው።

ሌንስ ወዳጅ
ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2011 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው የፌዴሪኮ ካፓሶ ቡድን ሲሊከን ላይ የቪ ፊደል ቅርጽ ያላቸው ጥቃቅን የወርቅ ዘንጎች ደረደረ። ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን በጠፍጣፋ ገጽ ብቻ ወደፈለገበት አዞረው። ስልክ ካሜራ ውስጥ ግን ወርቅ አትጠብቁ። የሚታየውን ብርሃን እየዋጠ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2016 ለሚታይ ብርሃን ጠፍጣፋ ሌንስ ሲሠራ የተጠቀመው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው።

የቆላዋ
ታዲያ ወርቁ ለመሣሪያ አይሆንም ማለት ነው?

ባለብልቃጡ
ኧረ ይሆናል! መስታወት ላይ 50 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ስስ የወርቅ ንጣፍ ይቀባል። በተወሰነ አንግል የመጣ ብርሃን እዚያ ተውጦ ይቀራል። ንጣፉ ላይ ፕሮቲን ሲለጠፍ ያ አንግል ፈቀቅ ይላል። አዲስ መድኃኒት የሚያፈላልጉ ላብራቶሪዎች የሚያነቡት ያቺን ፈቀቅታ ነው። ያንቺዋ መስመር ደግሞ ደሙ ውስጥ የወባ ፕሮቲን ካለ ወርቁን እዚያው ይዛ ታስቀራለች፤ ማሽንም መብራትም አትፈልግም።

የቆላዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፈዘዝ ያለች መስመርም ፖዘቲቭ የምትባለው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። የተያዘው ወርቅ ትንሽ ስለሆነ ነው እንጂ ተይዟል።