ክርክር፦ አገልጋይ ሲበድል በአደባባይ ይነገር ወይስ በሽምግልና ይለቅ?

የአዘዞዋ፦
ትናንት እዚህ አንዱ «የእግዚአብሔርን ሰው በአደባባይ ማማት ኃጢአት ነው፣ በሽምግልና ይለቅ» ብሎ ጽፏል። አልስማማም። የራሴን ልንገራችሁ። በኪራይ ቤት የተከፈተች ትንሽ ጸሎት ቤት ውስጥ 3 ዓመት አገልግያለሁ። መሪያችን ማን ቀረ፣ ማን አረፈደ የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ ደብተር ላይ ይመዘግባል። መጀመሪያ ስለሚያስብልን መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እናቴ ስኳሯ ሲነሳባት ግን «ከአስራትሽ የደበቅሽው አለ» አለኝ። የደበቅኩት የለም። እኔ ሞኟ ግን ያን ሌሊት የ6 ወር ወጪዬን የባጃጅ ሳይቀር ስደምር አደርኩ። ቀጥሎ «እጮኛሽን ተዪው፣ ጌታ ነግሮኛል» መጣ። ከወጣሁ 2 ዓመቴ ነው። እስካሁን ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ስልክ ሲጠራ ሆዴ ይላወሳል።

ጋሼ፣ ከፒያሳ፦
አይዞሽ የኔ ልጅ። ግን ጎንደርን ታውቂያታለሽ፣ ዛሬ የጻፍሽው ነገ ገበያ መሀል ነው የሚወራው። ጌታም «ወንድምህ ቢበድልህ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው» ብሏል፣ ማቴዎስ 18። በኛ ጊዜ ሽማግሌ ይላክ ነበር።

የአዘዞዋ፦
ልኬ ነበር ጋሼ። ሽማግሌዎቹ ከእሱ ጋር ቡና ጠጥተው መጡና «ይቅር በይና ተመለሺ» አሉኝ። ይቅር ማለትና መመለስ አንድ ነው እንዴ?

ዲያቆኑ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጥቅሱን ግማሽ ላይ ተዉት። እዛው ምዕራፍ ላይ ብቻውን ካልሰማ ምስክር ይዘህ ሂድ፣ እነሱንም ካልሰማ ለቤተ ክርስቲያን ንገር ይላል። ሕዝቅኤል 34ን ደግሞ ያንብቡት። ጮማውን እየበሉ፣ ጠጉሩን እየለበሱ በጎቹን የማያሰማሩትን እረኞች ማንም በጓዳ አልገሠጻቸውም።

ከማራኪ፦
ይሄ እኮ የጴንጤዎቹ ችግር ነው። እኛ ጋ ሥርዓት አለ።

ነርሷ፦
ኧረ በሥላሴ! እኔ የምሠራበት ክፍል ና እና እይ። «መድኃኒት ከዋጥሽ እምነትሽ ጎድሏል» የሚል አጥማቂ ነኝ ባይ ሰምታ ክኒኗን ያቋረጠች ሴት፣ ቢጫ ጀሪካኗን እንደታቀፈች በቃሬዛ ስትመጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ጠበሉን አልነካም፣ እኔም እጠመቃለሁ። ግን አቡነ ጳውሎስ በ1999 ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት ሲናገሩ ጠበልም መድኃኒትም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ እርስ በርስ አይጣሉም ብለዋል። ያ ሰውዬ ከፓትርያርኩ በላይ ነው?

ዲያቆኑ፦
እውነቷን ነው። የንስሐ አባት ቀኖና ይሰጣል፣ ይጸልይልሃል፣ የነገርከውንም ምስጢር ይጠብቃል። ምስጢርህን መልሶ ማስፈራሪያ ካደረገው፣ ወይም «ከእኔ ከወጣህ ትቀሠፋለህ» ካለ አባትነቱ እዛው ላይ አበቃ። በሥርዓት ሌላ አባት መያዝ ይቻላል፣ ነውር የለውም። ገንዘብ በማታለል የወሰደ ወይም ገላ የነካ ከሆነማ ጉዳዩ የፖሊስ ነው፣ የሽማግሌም የኔም አይደለም።

ከማራኪ፦
እሺ፣ ቸኮልኩ። የአዘዞዋ፣ እንዴት ወጣሽበት ግን?

የአዘዞዋ፦
መውጣቱስ ቀላል ነበር፣ አንድ እሑድ ቀረሁ በቃ። ከባዱ ከዛ በኋላ ነው። ጓደኞቼ በሙሉ እዛው ነበሩ፣ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ይሻገራሉ። መጽሐፍ ቅዱስ ስገልጥ የሚሰማኝ የእሱ ድምፅ ስለሆነ 8 ወር ዘጋሁት። ፋሲል መዋኛ ሄጄ ግንቡን በሥራቸው ያቀፉት ዛፎች ስር ዝም ብዬ እቀመጥ ነበር። ጸሎትም አልነበረም። አንዲት የማማከር ሥራ የምትሠራ ሴት «የፈለግሽውን በራስሽ ወስኚ፣ ከትንሽ ጀምሪ» አለችኝ። ትስቁ ይሆናል፣ ምን ዓይነት ጫማ ልግዛ የሚለውን ማንንም ሳልጠይቅ ስወስን አልቅሻለሁ። አሁን መዝሙረ ዳዊት ብቻ አነባለሁ። እጮኛዬ አግብቷል፣ እሱን ተዉት።

ጋሼ፣ ከፒያሳ፦
ልቤን ነካሽው። ይሁን፣ ተናገሪ። ስም ግን አትጥሪ የኔ ልጅ፣ ቤተሰብ ያለው ሰው ነው።

የአዘዞዋ፦
መች ጠራሁ ጋሼ? ቀይ እስክሪብቶ ብቻ ነው ያልኩት። ከጠዋት ጀምሮ 3 ሰው በውስጥ መስመር «እኔም ደብተሩ ላይ ነበርኩ» ብለው ጽፈውልኛል።